ስለ አጻጻፋችን ልማድ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የጽሑፍ ክፍል በዚህ ምሽት ስለ አጻጻፍ ልማዳችን ጥቂት ቃል እንድናሰማ በጠየቀን ጊዜ፥ አስቀድሞ የታሰበን ስለ ጥሩ ጽሑፍ የተነገረውን ደንብ ሰብስበን ማቅረብ ነበር። ዳሩ ግን ደንቡን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ጽሑፍ መግቢያ፥ ሐተታና መደምደሚያ ያስፈልገዋል መባሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በጥቁር ሰሌዳም ላይ ሲጻፍ አይተነዋል። ያልተነገረን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም አንድ ተማሪ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ ብዕሩን ካነሣበት ደቂቃ አንሥቶ ጽሑፉን ለመምህሩ እስኪያስረክብ ድረስ በመካከሉ የሚያደርገው ምንድን ነው? የት ይቀመጣል? በምን ቋንቋ ያስባል? ምን ይጽፋል፥ ምንስ ይሰርዛል? ስንት ገጽ ይበቃል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየክፍሉ ሞልቷል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን አልገጠመንም። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ደንቡ ሳይኾን ስለ ልማዱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ። ተማሪ የሚጽፍበትን ቦታ የመምረጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። መኝታ ክፍሉ አራትም ስድስትም ኾነን የምናድርበት ነው፤ ያንዱ ስልክ ይጮኻል፥ ሌላው ስለ ኳስ ይከራከራል፥ ሦስተኛው ያጠበውን ልብስ ከራሳችን በላይ ሰቅሎ ውሃው በደብተራችን ላይ ይንጠባጠባል። ቤተ መጻሕፍቱም በፈተና ሰሞን ወንበር የሚሰጠው በማለዳ ተነሥቶ ደብተር በማስቀመጥ ቦታ ለያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንጽፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ፥ ግቢው ጸጥ ሲል ነው። ይህን የሌሊት ልማድ የስንፍና ምልክት አድርገው የሚቈጥሩት አሉ። እኛ ግን ነገሩን በሁለት እንከፍለዋለን። ሌሊት መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በማስረከቢያው ቀን ዋዜማ ሌሊት መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው ጸጥታ ፍለጋ ነው። ኋለኛው ግን ጽሑፉን ከማደር ይከለክለዋል፤ ስለ ማደር ደግሞ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጸጥታን ካነሣን ዘንድ የቅኔ ተማሪዎችን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። የዋድላ፥ የጎንጅ፥ የዋሸራ እየተባለ በቤት በቤቱ የሚጠራው የቅኔ ትምህርት በአገራችን የድርሰት ትምህርት ቤት ኾኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እየጨመረ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ወረቀት የለውም። ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በልቡ ቃል ከቃል፥ ሰም ከወርቅ እያገናኘ ያወጣል ያወርዳል፤ ይህንንም ቈጠራ ይሉታል። ከዚያ በኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። የኔታም እዚያው በጓደኞቹ ፊት የላላውን ያጠብቁለታል፥ የተጣመመውን ያቃኑለታል፤ ደኅና ሲኾን ጉባኤው «ይበል!» ይላል። በማግሥቱ ትናንት የተናገረውን መልሶ ቢያቀርብ ተቀባይ የለውም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መኾን አለበትና።

እኛ ይህን ሥርዓት እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲ እናምጣው አንልም። የኬሚስትሪ ዘገባ ሰምና ወርቅ አያሻውም፤ ነገርን መሸሸግ በቅኔ ጥበብ ነው፥ በጥናት ጽሑፍ ግን ጥፋት ነው። ነገር ግን ከቅኔ ተማሪው አንድ ትልቅ ልማድ ልንወስድ እንችላለን። ይኸውም ሐሳቡ ከወረቀቱ በፊት መኖሩ፥ ከወረቀቱም በፊት በሰው ፊት መነገሩ ነው። ዛሬ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፥ ርእሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ፥ ከሥሩ አሥምሮበት፥ ከዚያ በኋላ ምን ልበል ብሎ ጣራ ጣራ ያያል። የቅኔ ተማሪው ግን ወደ የኔታ የሚሄደው የሚናገረውን ከያዘ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ፤ እሱም የቋንቋው ነገር ነው።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተወሰነ። ከዚያም በፊት ቢኾን፥ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። እንግዲህ ባንድ ቋንቋ አስቦ በሌላ መጻፍ ለኛ ትውልድ ብቻ የመጣ ችግር አይደለም። የችግሩም መልክ ብዙ ነው። ባማርኛ ግሡ የሚቀመጠው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ጠርቶ ወዲያው ግሡን ይፈልጋል። ቃል በቃል የሚመልስ ተማሪ በመንገዱ ላይ ባለቤቱን ይጥለዋል፤ አድራጊው ማን እንደ ኾነ ሳይታወቅ ገጹ ያልቃል። ይህ ግን የሰዋስው ነገር ስለ ኾነ በልምምድ ይቃናል። የባሰው ሌላ ነው። የማናውቀው ቋንቋ የማናውቀውን ነገር ይሸፍንልናል።

አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። ከገጠር የመጣ አንድ ጓደኛችን ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። የጻፈው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነበር፤ «በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ የሚታየው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ተደራሽነት ውስንነት በሴት ተማሪዎች ትምህርታዊ ተሳትፎ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ ያሳድራል።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ማንም ስሕተት ሊያወጣለት አይችልም። ነገር ግን ማንን አየህ? ምን አየህ? ብለን ባፉ እንዲነግረን ጠየቅነው። እሱም በመንደሩ አነጋገር እንዲህ አለን። «በኛ ቀበሌ ምንጩ ሩቅ ነው። ታናሽ እኅቴ ጄሪካን ተሸክማ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። ውሃ አድርሳ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፏል። ያን ዓመት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ቀን ሒሳብ ነበር። የወደቀችውም በሒሳብ ነው።»

በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ልጅቷ ሒሳብ ስለማይገባት አልወደቀችም፤ ሒሳብ የሚሰጠው እሷ ከምንጩ መንገድ ላይ ሳለች ስለ ኾነ ነው። ይህ ሁሉ ያን በሚያህል ረዥም ዐረፍተ ነገር ውስጥ አልነበረም። ጓደኛችን እያወቀው ነው ያልጻፈው፤ የእኅቱ ጄሪካን ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ የሚበቃ መስሎ አልታየውም። እኛም እሱን ጻፈው አልነው።

ጻፈው። መምህሩም አንብበው ከዳሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ «ማስረጃው?» የሚል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ያንዲት እኅት ታሪክ ያንድ ቀበሌ ጥናት አይኾንምና። ጓደኛችን በዕረፍቱ ጊዜ ወደ አገሩ ሲገባ የትምህርት ቤቱን የስም መጥሪያ መዝገብ አስፈቅዶ፥ ማን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደ ቀረ፥ ማን በሁለተኛው እንደ ደረሰ እየለየ በደብተሩ ገለበጠ። ቁጥሩ የሱ ሥራ ስለ ኾነ እኛ እዚህ አንናገረውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥያቄው ተለውጧል። በፊት «ተጽዕኖ አለው ወይስ የለውም?» የሚል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ነበር። አሁን ግን «ሒሳብ ወደ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ቢዛወር ምን ይኾናል?» የሚል፥ አንድ ርእሰ መምህር በማግሥቱ ሊሞክረው የሚችል ጥያቄ ኾነ። ጥያቄውን ያስገኘው እንግሊዝኛውን ትቶ ባፍ መፍቻ ቋንቋው መናገሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኛ ዘንድ አንድ ልማድ ተተክሏል። ማናቸውንም ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት ነገሩን ባፋችን በፈታንበት ቋንቋ፥ አማርኛም ይኹን ኦሮምኛ፥ ትግርኛም ይኹን ሲዳምኛ፥ በአምስት መስመር እንጽፈዋለን። አምስቱ መስመር ለእናታችን ቢነበብ የሚገባት መኾን አለበት። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈን እናስቀምጥና ነገሩን በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ እንጽፈዋለን፤ አንተረጉመውም። «ይህማ ሥራውን እጥፍ ማድረግ ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉ። በኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተቃራኒ ኾኖ ተገኝቷል፤ ጣራ ጣራ ስናይ የሚያልፈው ሰዓት ቀርቷልና።

በነገራችን ላይ፥ አምስቱን መስመር በስልክ የሚጽፉ ጓደኞቻችን አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፉት እናያለን። የግእዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎች ከነዝርያቸው፥ 231ዱም በስልክ ላይ ይገኛሉ። «ገና»ንና «ጌና»ን ለመለየት ፊደል ሳለን በባዕድ ፊደል መደናበር ምን ይባላል? ይህን አልፈን ወደ ጉዳያችን እንሂድ።

የተማሪን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያውቀዋል። ስለ አንድ ወረዳ የአፈር መሸርሸር የሚጽፍ ተማሪ «የሰው ልጅ በዚህች ምድር ላይ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ» ብሎ ይጀምራል። ስለ ባንክ ብድር የሚጽፈው «አገራችን የረዥም ዘመን ታሪክ ያላት ናት» ይላል። ወረዳው የሚደርሰው በሦስተኛው ገጽ ነው። ይህን አንቀጽ በመጻፉ ተማሪው አይነቀፍም፤ እጅን ያሟሙቃል፥ ፍርሃትንም ያስለቅቃል። ጠላ የምትጠምቅ ሴትም አስቀድማ ጋኑን በወይራ ታጥናለች። ጭሱን ግን ለእንግዳ አትቀዳም። እንዲሁም ያን አንቀጽ ጽፎ፥ ሥራው ሲጋመስ ተመልሶ መቍረጥ ነው። ስትቈርጡት የሚያሳዝናችሁ ከኾነ ለብቻው በሌላ ወረቀት አስቀምጡት፤ እስካሁን መልሶ የፈለገው ሰው አላየንም።

ለማደር ቀጠሮ የያዝነው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። በማግሥቱ ሲነበብ ትናንት ግልጽ የነበረው ይደበዝዛል፥ ያማረ የመሰለውም ግጥግጥ ኾኖ ይገኛል። ንባቡ ደግሞ በድምፅ መኾን ይገባዋል፤ ዐይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋልና። መኝታ ክፍሉ በዚህ ጊዜ ይጠቅማል፤ አድማጭ አይታጣም። አድማጩን «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፥ ጓደኛ ስለ ኾነ ጥሩ ነው ይላል። ይልቅስ ፊቱን መመልከት ነው። ስልኩን ያወጣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት እናደርግበታለን፥ ብዙ ጊዜም ያ ቦታ ይቈረጣል።

ስለ ቡድን ሥራ ጥቂት ብቻ እንናገራለን። በሽፋኑ ላይ የአምስት ሰው ስም ይሰፍራል፤ አንዱ ይጽፋል፥ አንዱ የማሳተሚያውን ይከፍላል፥ አንዱ ሽፋኑን ያሳምራል፥ ሁለቱ ደግሞ «በሐሳብ ከናንተ ጋራ ነን» ይላሉ። መምህራን በትልልቅ ክፍል ይህን ከማዘዝ በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላቸው እናውቃለን። ምዕራፍ ምዕራፍ ተከፋፍሎ መጻፍም መፍትሔ አልኾነም፤ አምስት ዓይነት ጨርቅ የተጣፈበት ልብስ ይወጣዋልና። በኛ ቡድን የተሞከረው ሁሉም ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ አምስቱን መስመር ባፉ እንዲናገር ነው። መናገር ያልቻለው ማን እንደ ኾነ ያለ ነቀፋ ይታወቃል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ አንብቦ ይመጣል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁትን እናንሣ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ የተባለው የሚጽፍ መኪና ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ በየግቢው የተማሪ ጽሑፍ መልኩ ተለውጧል። ከዚያ በፊትም ቢኾን በየዩኒቨርሲቲው በር ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቆች የቀድሞ ተማሪዎችን ጽሑፍ ስሙን ብቻ ለውጦ መግዛት ነበረ። አዲሱ ነገር ፍጥነቱና ርካሽነቱ ነው። መኪናው ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው ስምና ከነዘመኑ አስውቦ ሊጠቅስ እንደሚችልም ታውቋል፤ ይህን ሳይመረምር የሚያስረክብ ተማሪ ዳኛ ፊት የሐሰት ምስክር እንደሚያቆም ሰው ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ የሚነገረውን ሁሉ አንቀበልም። እንግሊዝኛው ደካማ የኾነ የገጠር ልጅ ሐሳቡን ራሱ አስቦ፥ ሰዋስውን ለማቃናት ብቻ መኪናውን ቢጠይቅ፥ ሌባ ብለን ልንጠራው አንደፍርም። በከተማ በጥሩ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ገና ሲመጣ በቋንቋው ነጥብ ይዞ መምጣቱንም መርሳት አይገባም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ አምስቱን መስመር ማን ጻፈው? መኪናው የጓደኛችንን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር፥ ያንን የተደራሽነት ውስንነቱን፥ ከሱ የበለጠ አሳምሮ ይጽፈዋል። ሁለተኛውን ግን ሊጽፈው አይችልም፤ እኅቱን አያውቃትምና። እሱም ቢኾን ነገሩን ለሰው ባይናገር ኖሮ የእኅቱ ነገር ከመንደሩ ሳይወጣ በቀረ ነበር። የሚያሰጋን ይህ ነው። በዚህ ግቢ ያለን ተማሪዎች ከየወረዳው፥ ከየቀበሌው ማንም መጽሐፍ ያልጻፈውን ነገር ይዘን መጥተናል። ያን ሳንጽፍ ብንመረቅ ሌላ የሚጽፍልን የለም።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ነገር አለን። መርማሪ መኪና አስመጥቶ ተማሪውን በመኪና ከመጠርጠር፥ ተማሪው ከጽሑፉ ጋራ የመጀመሪያ ረቂቁን፥ ባፍ መፍቻ ቋንቋውም ይኹን፥ አያይዞ እንዲያስረክብ ይታዘዝ። ከዚያም አምስት ደቂቃ ፊታችሁ አቁማችሁ ጠይቁት። የኔታ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ከጉባኤያቸውም ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የሚወጣ ተማሪ አስቸጋሪ ነበር።

የተማሪ ጽሑፍ ከመምህሩ መሳቢያ አያልፍም የሚል ካለ፥ የራሳችንን ታሪክ ይመልከት። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የተባለው ተማሪ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ማኅበር ልሳን ላይ ወጣ። ገጹ ጥቂት ነበር። የሚስማማበትም የማይስማማበትም ወገን እስከ ዛሬ እያነሣው ይከራከርበታል። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ባማርኛ የሚነበቡት የተማሪ ግጥሞች ግን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰውም የሚደርሱ ነበሩ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሌላ ስብሰባ እንተወው። እኛ የምንመለከተው አሠራሩን ነው። ያን ጊዜ በስቴንስል ላይ የሚጽፍ ሰው ሰሙ አንዴ ከተበሳ ማረሙ አድካሚ ስለ ነበር፥ ወደ መጻፊያው መኪና የሚቀርበው ነገሩን ቈርጦ ጨርሶ ነበር። ይህ የማኅበራችን ጋዜጣም የሚባዛው በዚያው መንገድ ስለ ኾነ ነገሩን በቅርብ እናውቀዋለን። ረዥም ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ስቴንስሉን ሲያይ ያለ ማንም ግሣጼ ያሳጥረዋል።

ስለዚህ የጽሑፍ ክፍሉ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት በዚሁ አዳራሽ የንባብ ጉባኤ እንዲከፍት አሳስበን ተፈቅዶልናል። የሚመጣ ሰው አንድ ገጽ ብቻ ይያዝ፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢኾን ግድ የለም። ራሱ ቆሞ ያነበዋል፥ የተሰበሰበውም ያርመዋል። ከጽሑፉ በፊት የማንም ስም አይጠራም፥ ስለ ነጥብም አይነገርም። ደኅና የኾነው በዚህ ጋዜጣ ይወጣል፤ ባለ ሁለት ገጽ የሚያመጣ ግን አንዱን ገጽ በር ላይ ትቶ ይገባል። ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊው ስጡ።